የቤተ ሰብ ምጣኔ ክሊኒክና ኤች አይ ቪን መከላከል

ጤና ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ጤና በምኞት ብቻ አይጠበቅም፤ ዕውቀትም ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ለተማሪ ጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ብቻ ስለሚነገር አንድ ጉዳይ በግልጽ ለመጻፍ አስቤአለሁ። ይኸውም ወደ ቤተ ሰብ ምጣኔ ክሊኒክ የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ራሳቸውን ከኤች አይ ቪ የሚጠብቁበት መንገድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በባዮሎጂ ትምህርት ሰዓት አንዲት ጓደኛችን፣ «እርግዝናን የሚከለክለው መርፌ ኤች አይ ቪንም ይከለክላልን?» ብላ በጠየቀች ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። መምህራችን «አይከለክልም» ብለው መለሱላት። እኔም ምክንያቱን ለማወቅ ስለ ጓጓሁ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በአገራችን በብዛት የተለመደው የሦስት ወር መርፌ፣ እንዲሁም ኪኒኑና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ሥራቸው እንቁላል እንዳይወጣ ወይም የወንዱ ዘር ወደ ማሕፀን እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ሉፕም በማሕፀን ውስጥ ተቀምጦ ዘሩ ከእንቁላሉ ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። ቫይረሱ ግን እንቁላል አይፈልግም፤ በብልት ስስ ሽፋን በኩል አልፎ የሰውነትን መከላከያ ሕዋሳት ያጠቃል። ከእነዚህ የእርግዝና መከላከያዎች መካከል ቫይረሱንም የሚያግድ ኮንዶም ብቻ ነው።

ቀድሞ አንዳንድ ሊቃውንት የሦስት ወሩ መርፌ ራሱ ሴቲቱን ለቫይረሱ ያጋልጣት ይሆን ብለው ይጠራጠሩ ነበር። ይህን ለመለየት ከ2015 እስከ 2018 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተካፈሉበት «ኤኮ» የተባለ ጥናት ተደረገ። ሴቶቹ በዕጣ ተለይተው አንዳንዶቹ መርፌውን፣ አንዳንዶቹ ሉፕ፣ አንዳንዶቹም በክንድ የሚቀበረውን ወሰዱ። በ2019 በወጣው ውጤት በሦስቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህ መልካም ዜና ነው። የሚያሳዝነው ግን በጥናቱ ጊዜ 397 ሴቶች በቫይረሱ መያዛቸው ነው፤ ይህም በዓመት ከ100 ሴቶች ወደ 4 የሚጠጉ ማለት ነው። እነዚህ ሴቶች ከክሊኒክ የራቁ አልነበሩም፤ ምክርም ኮንዶምም ተሰጥቷቸው ነበር።

ታዲያ ስለ ምን ተያዙ? አንዱ ምክንያት ኮንዶም የወንዱን ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በዕድሜም በገንዘብም ከሚበልጣት ሰው ጋር ያለች ልጅ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ለማለት ብዙ ጊዜ ይቸግራታል። ስለዚህ በሴቲቱ በራሷ እጅ ያለ መከላከያ ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ለቫይረሱ በጣም ለተጋለጡ ሰዎች ሁሉ እንዲሰጥ መከረ። የሚሰጠው ተመርምሮ ነጻ ለሆነ ሰው ሲሆን፣ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ቢገባ እንኳ ራሱን እንዳያባዛ ያግደዋል። ነገር ግን ያልተዋጠ ኪኒን አይረዳም። በኬንያ በኪሱሙ ከ2017 እስከ 2018 ኪኒኑ በቤተ ሰብ ምጣኔ ክሊኒኮች ሲሰጥ ከ1,271 ሴቶች 278ቱ ጀመሩ፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን ከግማሽ የሚበልጡት ሳይመለሱ ቀሩ። ብልቃጡን ያየ ሰው «ታማለች» ይለኛል ብሎ መፍራትም ብዙዎችን ከኪኒኑ የሚያርቅ ነገር ነው።

ከዚህም በኋላ ሌሎች መንገዶች ተገኝተዋል። በ2021 በየወሩ የሚለወጠው የዳፒቪሪን ቀለበት፣ በ2022 በየሁለት ወሩ የሚወጋው ካቦቴግራቪር በዓለም ጤና ድርጅት ተመከሩ። ይልቁንም በ2024 የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ወጣት ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋውን ሌናካፓቪር ከወሰዱት 2,134 መካከል አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። ይህም በ2025 ተመከረ።

እንግዲህ እናስተውል። ለእርግዝና መከላከያ በየሦስት ወሩ ክሊኒክ የምትመጣ ሴት በዚያው ቀጠሮ፣ በዚያው ክፍል ልትመረመርና የኤች አይ ቪ መከላከያ ልታገኝ ትችላለች። ወደ ሌላ ቤት ሄዳ ሌላ ሰልፍ ብትሰለፍ ግን ሰው ያየኛል ብላ ትቀራለች። በእኔ አስተያየት ነርሷም ወጣቷን ሳትገሥጽና ምሥጢሯን ሳታወጣ ብታስተናግዳት ሥራው በግማሽ ተሠራ ማለት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሌሎቹን የአባላዘር በሽታዎች ስለማይከላከሉ ኮንዶሙ አብሮ አይቅር።

ወላጆቻችን ሆይ! ልጅ ብትጠይቃችሁ አትቈጧት፤ መልሱን ከእናንተ ካላገኘች ከማያውቅ ሰው ታገኘዋለችና። እኅቶቼ ሆይ! ክሊኒክ ስትሄዱ ስለ እርግዝና ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራና መከላከያም ጠይቁ። ወንድሞቼም ከመሳቅ ይልቅ አብራችሁ ተመርመሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።