የጠራ ውኃ ሕግ፦ የዘንገና ሐይቅና የጎብኚው አደራ

የቡሬን ሜዳ አልፎ፣ ቲሊሊንና ኬሳን ተሻግሮ ወደ እንጅባራ የሚቃረብ መንገደኛ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው ታላቅ ጎዳና ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል ገባ ያለ እንደ ሆነ፣ ዙሪያውን ደን ያጠረው፣ ቅርጹ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ወንዝ ሲገባበትም ሲወጣበትም የማይታይ አንድ ሐይቅ ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኛል። ይህም በአዊ ምድር ካሉት የተፈጥሮ ጌጦች አንዱ የሆነው የዘንገና ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ወደ 1 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ስለሚነገር፣ ከሻላ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ጥልቅ ሐይቅ ሆኖ ይቆጠራል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ታላቁ ጣና እንኳ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራው ከ14 ሜትር ብዙም እንደማያልፍ ያሰበ ሰው፣ በዚህች ጠባብ ክበብ ውስጥ ምን ያህል ቀላይ እንደ ተሰወረ ይረዳል።

ከአዘናም ይምጣ ከዳንግላ፣ ከሩቅ አገርም ይምጣ፣ ወደዚህ ስፍራ የሚደርሰው ሰው ሁሉ የሚመጣው የውኃውን ጥራትና የስፍራውን ጸጥታ ፈልጎ ነው። ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ውኃው ጠርቶ የሚታየው ብዙ ነገር ስላልገባበት መሆኑን፣ ስለዚህም ጎብኚን የሚጋብዝ አገር ሁሉ ወደ ውኃው የሚገባውን ነገር በሕግና በሥርዓት ካልወሰነ፣ እንግዳውን የጠራበትን ጸጋ ራሱ በገዛ እጁ የሚያጠፋ መሆኑን ነው።

የሐይቁን ባሕርይ ለመረዳት ከአፈጣጠሩ መጀመር ይገባል። በእንጅባራ ዙሪያና ከጣና በስተ ደቡብ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ በተደጋጋሚ የጎበኘው ምድር ነው። ከምድር ማሕፀን ቀልጦ ወደ ላይ የሚወጣው የጋለ ዐለት በመንገዱ ላይ ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ፣ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎትም በገጸ ምድር ባለው የአየር ግፊት ከውኃነቱ ይልቅ ወደ 1,700 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ቦታ የሚፈልግ በመሆኑ፣ በላዩ ያለውን ዐለት ሰባብሮ ወደ ሰማይ ይበትነዋል። የተበተነውም ፍርስራሽ በዙሪያው ወድቆ ቀለበት የመሰለ ኮረብታ ይሠራል፤ በመካከሉ የቀረውን ጥልቅ ጕድጓድ ደግሞ ዝናምና የከርሠ ምድር ውኃ ይሞሉታል። እንደ ዘንገና ያሉት ጠባብና ጥልቅ ሐይቆች የሚወለዱት በዚህ ሥርዓት ነው። ከዚህም የተነሣ ሐይቁ ውኃ የሚቀበልበት ምድር ከኮረብታው ከንፈር ወደ ውስጥ ያለው ጥቂት ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ የገባበትን አጥቦ የሚወስድለት ወንዝ የለውም፤ እንደ ጋን ነው፤ የጨመሩበትን ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ምሥጢር በውኃው ውስጥ ያለው ድርብ ነው። ብርሃነ ፀሐይ የላይኛውን ውኃ ሲያሞቀው ውኃው ይቀልላል፤ ከታች ያለው ቀዝቃዛው ውኃ ግን ከባድ ስለ ሆነ ባለበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ቢሆንም እንዳይቀላቀሉ ለመከልከል ይበቃል፤ ይልቁንም የሐይቁ ገጽ ጠባብ ሲሆንና ኮረብታውና ደኑ ነፋሱን ሲመልሱለት፣ የላይኛው ውኃ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ወደ ጥልቁ ለመድረስ እጅግ ይቸገራል። ከላይ የሞተው ሁሉ፣ ቅጠሉም ተባዩም፣ ወደ ታች ወርዶ ሲበሰብስ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሳታል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ የተደረገው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የብርድ ወራት ሌሊቱ የላይኛውን ውኃ ሲያቀዘቅዘው ድርቡ ይፈርሳል፣ ላይና ታችም ይደባለቃሉ፤ በዚያን ጊዜ ከሥር የሚወጣው ኦክስጅን የሌለው ውኃ ዓሦቹን አፍኖ እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ከላይ ሲያዩት ረግቶ የተኛ የሚመስለው ሐይቅ፣ በውስጡ እጅግ ረቂቅ በሆነ ሚዛን የሚተዳደር ነው።

ይህን ሚዛን ከሚያናጉት ነገሮች ዋናው ፎስፎረስ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባሉት ደቂቃን ዕፅዋት ብርሃንና ውኃ ሞልቶ ተርፎላቸው ሳለ እንዳይበዙ የሚያግዳቸው ብዙውን ጊዜ የፎስፎረስና የናይትሮጅን እጥረት ነው። ውኃው የሚጠራውም በዚህ እጥረት ምክንያት ነው። ነገር ግን ከዳር የሚታጠበው ልብስ ሳሙና፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከሰውና ከከብት የሚወጣው ጕድፍ፣ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር፣ እነዚህ ሁሉ ፎስፎረስን ይዘው ይገባሉ፤ ያቺም ጥቂት የምትመስለው መጠን ክብደቷን በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ዋቅላሚ ታበቅላለች። ዋቅላሚው ሲበዛ ውኃው ይለመልማል፣ ብርሃን ወደ ታች መውረዱን ያቆማል፤ ሲሞትም ወደ ሥር ወርዶ ይበሰብሳል፣ ኦክስጅኑም ፈጽሞ ያልቃል። የከፋው ደግሞ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ በሐይቁ ወለል ላይ ከብረት ጋር ተጣብቆ የተቀበረው አሮጌ ፎስፎረስ ኦክስጅን ሲጠፋ ከብረቱ ተላቅቆ እንደ ገና ወደ ውኃው ይመለሳል። ስለዚህ ቆሻሻው ከውጭ መግባቱን ካቆመ በኋላ እንኳ ሐይቁ ራሱን በራሱ ለብዙ ዘመን ማቆሸሹን ሊቀጥል ይችላል።

ይህ የጠራ ውኃ ሕግ የደጋ ሐይቅ ብቻ ሕግ አይደለም፤ በቀይ ባሕርም ሆነ በሌሎቹ ሞቃታማ ባሕሮች ዳር ያሉት የኮራል ዐለቶች የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። ኮራል ዐለት መስሎ ቢታይም ሕያው እንስሳ ነው፤ እያንዳንዱ ታናሽ ፍጥረት የኖራ ቤቱን እየሠራ ከባልንጀራው ጋር ተያይዞ ይኖራል፤ በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች አድረው፣ ከፀሐይ የሚያዘጋጁትን ምግብ አብዛኛውን ለእርሱ ይሰጡታል። የባሕሩ ሙቀት ከበጋው ልማድ በ1 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ይህ ኅብረት ይፈርስና ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን አውጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱም ካልበረደ በረኃብ ይሞታል። የኮራል ዐለቶች ከውቅያኖስ ወለል ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላውን ሸፍነው ሳለ፣ ከባሕር ፍጥረታት ዘር ሩብ ያህሉን እንደሚያስጠልሉ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ብልጽግና የሚገኘውም ምግብ በተመናመነበት በጠራ ባሕር ውስጥ ነው፤ ከሆቴልና ከከተማ የሚፈስሰው ቆሻሻ ባሕሩን ያጠገበው እንደ ሆነ፣ ከውጭ የሚበቅለው ዋቅላሚ ኮራሉን ሸፍኖ ብርሃን ይነሣዋል።

ጎብኚ ምን ሊያደርስ፣ ሥርዓትም ምን ሊመልስ እንደሚችል ለማየት የታይላንድን የማያ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህች ጠባብ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ፊልም ምክንያት ስሟ በዓለም ከገነነ በኋላ በቀን እስከ 5,000 የሚደርስ ሰው ይጎርፍባት ጀመር፤ የጀልባዎቹ መልሕቅና የዋናተኞቹ እግርም አብዛኛውን ኮራል ሰባበረው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ስፍራውን ዘጋው፤ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ታስቦ የነበረውም መዘጋት ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። በዚያም ጊዜ ኮራሉ ተተከለ፣ ርቀው የነበሩት ሻርኮችም ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 እንደ ገና ሲከፈት ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይገባ ተከለከለ፣ መውረጃው ባሕረ ሰላጤዋ ባለችበት ደሴት ጀርባ ሆነ፣ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ቍጥርም ተወሰነ። የፓላው ደሴቶች መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዱ እንግዳ ሲገባ አካባቢውን ሊጠብቅ በፓስፖርቱ ላይ በታተመ ቃል ኪዳን እንዲፈርም አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም ኮራልን የሚጎዳ ኬሚካል ያለበትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከልክሏል። በእነዚህ አገሮች ጎብኚው አልተጠላም፤ ነገር ግን የአገሩን ሕግ እንዲጠብቅ ተጠይቋል።

በአገራችንም ማስጠንቀቂያው ሩቅ አይደለም። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ውኃውን ይዞ የሚገባበት ጣና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ ከምዝገባው አራት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም፣ ከእርሻና ከከተማ በሚገባው ንጥረ ነገር እየጠገበ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሮ፣ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስጨንቋል። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው ታይቷል፤ ድካሙም እጅግ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ምግቡ ከምድር መምጣቱን እስካላቆመ ድረስ ነቀላው ማለቂያ አይኖረውም። ጣና ሰፊ ነው፣ በዓባይም በኩል ይተነፍሳል፤ ዘንገና ግን ይህ መተንፈሻ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ከኮረብታው ከንፈር ወደ ውስጥ ያለው ደን እንደ ደብር ደን ይከበር፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ ጎርፉን የሚያጣራ እርሱ ነውና። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ከጤፍ ጋር እያፈራረቁ ተክለው ከከሰሉ ሲተዳደሩ፣ የአዊ ሕዝብ ዛፍ ማሳደግን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑን አሳይተዋል፤ ያው እውቀት በሐይቁ ዙሪያ ሲውል ግን ለመጥረቢያ ሳይሆን ለጥበቃ፣ በአገር በቀል ዛፍም ይሁን። መጸዳጃውና ምግብ ቤቱ ፍሳሻቸው ወደ ሐይቁ ሊወርድ በማይችልበት፣ ከከንፈሩ ውጭ ባለው ተዳፋት ላይ ይሠራ። በዳር ልብስም ሆነ መኪና ማጠብ ይከልከል፤ ጀልባ ቢኖር ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ሳይሆን በመቅዘፊያ የሚሄድ ይሁን፤ ወደ ውኃው መውረጃው አንድ የታወቀ መንገድ ይሁን። በአቅራቢያው ያለው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የውኃውን ጥራት፣ ኦክስጅኑንና ፎስፎረሱን በየወቅቱ እየለካ ለሕዝብ ቢያስታውቅ፣ ጥፋቱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ይታወቃል።

ሕግ ግን የሚጸናው ጠባቂው ከጥበቃው ሲጠቀም ነው። በኦሮሚያ ያለው ወንጪ፣ ሐይቁ እርሱም የእሳተ ገሞራ ልጅ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ የተመረጠ ሲሆን፣ በዚያ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በመንገድ መሪነት፣ በፈረስ አከራይነትና በጀልባ ቀዛፊነት እንግዳ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። አዊ ደግሞ በፈረስ ማንን ይቀናል? የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ፣ የዐድዋን ድልና የፈረሱን ውለታ እያሰበ በዓሉን በየዓመቱ በጥር 23 ያከብራል። ለዚህ በዓል የመጣው እንግዳ ከጎዳናው ላይ ወርዶ መኪናውን ከሩቅ ትቶ፣ በአካባቢው ፈረስ ተቀምጦ፣ በአካባቢው ጐልማሳ መሪነት የኮረብታውን ከንፈር ቢዞር፣ ገንዘቡ ለጎረቤቱ ገበሬ ይደርሳል፣ ውኃውም ሳይነካ ይኖራል። ደኑ ከሚቆረጥበት ይልቅ ቆሞ ሲጠቅመው ያየ ገበሬ፣ ዘበኛ ሳይቀጠርለት ራሱ ዘብ ይቆማል።

ውበቱን ለማሳየት መንገድ መጥረግ፣ ማረፊያ መሥራትና እንግዳ መጥራት መልካም ሥራ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ መልካሙ ሥራ ራሱ ጥፋት ይሆናል። ማያን ሦስት ዓመት ዘግቶ ኮራል መትከል የተቻለው ባሕሩ ሰፊና ተመላላሽ በመሆኑ ነው፤ የገባበትን ይዞ የሚቀመጠው ጥልቅ ሐይቅ ግን አንዴ ከጠገበ በገንዘብም በጸጸትም ቶሎ አይጠራም። እንግዲህ ለዘንገና የሚያስቡ ሁሉ፣ የወረዳውና የዞኑ ሹማምንት፣ ባለ ሀብቱም፣ የአካባቢው ሽማግሌዎችም፣ ከማናቸውም ሕንጻ በፊት ወደ ውኃው ምን እንደማይገባ የሚወስነውን ሕግ ጽፈው ይስማሙበት፤ የመሠረት ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ይጣል።