የሰው ሠራሽ ሐይቅ ጤና እንዴት ይለካል?

ከአርጆ ደጋ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የዲዴሳ ሸለቆ በሙቀቱ፣ በወባውና ከብት በሚጨርሰው ገንዲ የሚታወቅ ቆላ ነው። የአርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻም፣ እርሻውን በመስኖ ያጠጣል ተብሎ ግንባታው ለዓመታት የተጓተተው ግድብም እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ናቸው። ስለ ግድብ ሲነሳ ሁሌም የሚጠየቀው ስንት ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ስንት ሄክታር ያለማል የሚለው ነው። ውኃው ከቆመ በኋላ ግን ወንዙ ሐይቅ ይሆናል፤ ሐይቅ ደግሞ ይታመማል። ሕመሙን ከውኃው ከፍታ ማወቅ አይቻልም፤ ግድቡ እስከ አፉ ሞልቶ ሐይቁ ታሞ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር የጮመንን ረግረግ ዋጠው። ውኃው የሸፈነው መሬት 239 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 120 ያህሉ ረግረግ፣ 100 ያህሉ የግጦሽ መሬት ነበር። መሬቱን ያጣው ገበሬ ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ አረሰ፤ የታረሰው ተዳፋት አፈሩን በክረምት ጎርፍ መልሶ ወደ ሐይቁ ላከው። ስለዚህ የሐይቅ ምርመራ ሐይቁ ውስጥ ብቻ አያልቅም፤ ዙሪያውን ያለውን ማሳ ጭምር ይመለከታል።

ከምርመራው መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ በገመድ የታሰረ ሳህን ነው። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 ከሮማው ጳጳስ መርከብ ላይ ሆኖ በሜዲትራኒያን ባሕር ሞከረው፤ ሳህኑም በስሙ ተጠራ። ለሐይቅ የሚያገለግለው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው። ባለሙያው በጀልባው ጥላ በኩል ሳህኑን ያወርደዋል፤ ከዓይን ሲሰወር የገመዱን ልክ ያነባል፣ ጥቂት ያወርድና መልሶ እየሳበ ብቅ ሲልም ያነባል፤ የሁለቱን አማካይ ይመዘግባል። ሳህኑ ቶሎ ከጠፋ ውኃው ደፍርሷል ማለት ነው። ያደፈረሰው ደለል ይሁን አልጌ ግን ሳህኑ አይናገርም፤ ለዚያ ናሙና መቅዳት ግድ ነው።

ናሙናው ከላይ ብቻ ከተቀዳ ያሳስታል። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው የታችኛው ውኃ ጋር ሳይደባለቅ ይሰነብታል። ከታች የሰጠመው ዛፍና ሣር እየበሰበሰ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁለት አፍ ያለው ጠርሙስ ተከፍቶ በገመድ ወደሚፈለገው ጥልቀት ይወርዳል፤ ከዚያ በገመዱ ላይ ትንሽ ብረት ይለቀቅና ወርዶ ሲመታው ሁለቱም አፎች ይዘጋሉ። ከጥልቁ የመጣው ውኃ ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ከታች ኦክስጅን የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ሌሊቶች ወይም በኃይለኛ ነፋስ ይህ ውኃ ወደ ላይ ከተገለበጠ ዓሣው በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመነጫል፤ ሌሊት ግን ራሱ ይፈጀዋል። በቀትር የተለካ ሐይቅ ጤነኛ መስሎ፣ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ቢለካ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ አየር ፍለጋ አፉን ከውኃው በላይ ሲከፍት ሊገኝ ይችላል። የአልጌውን መጠን ለማወቅ ውኃው በስስ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይፈስሳል፤ አረንጓዴ የሆነው ወረቀት ብርሃን እንዳያገኘው ተጠቅልሎ በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው የማዳበሪያ ፎስፈረስና ናይትሮጅን አልጌውን ይቀልበዋል። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ሐይቅ ውኃውን አረንጓዴ በሚያደርግ መርዛማ የአልጌ ዘር ይታወቃል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው።

የሐይቁ ነዋሪዎችም ምስክር ናቸው። ከዳር በወንፊት ታፍሶ ነጭ ሳህን ላይ በተዘረገፈ ጭቃ ውስጥ የውኃ ተርብ እጭን የመሰሉ ልዩ ልዩ ፍጥረታት ከተገኙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት የሚኖሩት ቀያይ የዝንብ እጮች ብቻ ከቀሩ ግን መጥፎ ነው። ቀንድ አውጣውም ይቆጠራል፤ በእሱ በኩል የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ በፊንጫ የስኳር እርሻ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነውና። የወባ ትንኝ እጭም እንዲሁ፤ በጊልጌል ጊቤ ግድብ ዙሪያ የተደረገ ጥናት ለሐይቁ ቀርበው በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ በዝቶ አግኝቷል።

ወደ ዲዴሳ ስንመለስ የምርመራው ቀን መቁጠሪያ በመሬቱ ይወሰናል። ክረምት ደለል ይመጣል። መኸር ሲገባ ደግሞ በጎማ ወረዳ በኩል የሚፈሱት የዲዴሳ ገባሮች የእሸት ቡና ማጠቢያዎችን ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ የወንዙ መጠን በሚቀንስበት ወቅት ስለሆነ ጉዳቱ ይከፋል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች በ5 ቀን አንዴ ፎቶ ያነሳሉ፤ ደመና ግን በደለሉ ወራት ስለሚሸፍንባቸው ጀልባና ገመዱ አይቀሩም። ስለዚህ ገባሩ የሚገባበት፣ የሐይቁ መካከልና ከግድቡ አጠገብ ያለው ጥልቅ ቦታ ተለይተው በየወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት መለካት አለባቸው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰውም አለ። በነቀምቴ ዋናው ግቢ ያለው፣ በሻምቡና በጊምቢም የሚያስተምረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ልምዱ አለው። ሳህኑንና ገመዱን ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪ ማስተማር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁሉም ግን ከሙሌት በፊት በተወሰደ ልኬት ላይ ይመሠረታል። ወንዙ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ያልተጻፈለት ሐይቅ ሲታመም፣ በሽታው ከግድቡ፣ ከማሳው ወይም ከማጠቢያው መምጣቱን ለይቶ ማስረዳት አይቻልም፤ ካሳ የሚጠይቀው ገበሬም ሆነ የሚጠየቀው ድርጅት በግምት ይከራከራሉ።