ዝናብ ሲዛባ ጎተራን መቁጠር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዝናብና ስለ ጎተራ ነው። ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ፤ ኋላ ሒሳብ አለን።

በራያ፣ በዋግ፣ በሐረርጌ ቆላ ያላችሁ ገበሬዎች «ድሮ ዝናቡ ቀኑን ያውቅ ነበር» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ባለፉት 60 ዓመታት የአገራችን ሙቀት በአማካይ በ1 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። «1 ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። መሬት ሲሞቅ ውሃውን ቶሎ ያጣል። ያው የዱሮው ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ለሰብሉ የሚተርፈው ርጥበት ያንሳል። የሙቀቱ ዋና ምክንያት በዓለም ላይ የሚቃጠለው ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ነው። አብዛኛውን ያቃጠሉት የበለጸጉ አገሮች ናቸው። ጉዳቱ ግን እናንተም ደጅ ደርሷል።

ማሽላን እንመልከት። ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር ይታጨዳል። በልጉ ከቀረ ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ ጤፍ ይዘራል። ክረምቱም ቶሎ ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ገለባ አለ፤ እህል የለም።

በ2007 ዓ.ም. እንዲህ ሆነ። በብዙ ቦታ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም አነሰ። ያን ጊዜ የመጣው ኤልኒኞ የሚባለው የውቅያኖስ ሙቀት ነው። ኤልኒኞ ድሮም ነበረ፤ በሞቀ ምድር ላይ ሲመጣ ግን ጉዳቱ ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

እህል ሲያልቅ በቤት ውስጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ዶሮው ይሸጣል። ቀጥሎ ፍየሉ። ከዚያ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። በመጨረሻ በሬው ይሄዳል። በሬ የሌለው ሰው ዝናቡ ቢመለስም በወቅቱ አያርስም። የአንድ ዓመት ድርቅ የብዙ ዓመት ችግር የሚሆነው በዚህ ነው።

ደግሞም በችግር ጊዜ ሁሉም ከብቱን ገበያ ያወጣል። የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። ቀድሞ ያወቀ ግን ቀድሞ ይሸጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን እርሳስ አንሡ። በመጀመሪያ ዘሩን ለይታችሁ አስቀምጡ። ለአንድ ሄክታር ማሽላ 10 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል። ከዚያ የቀረውን ቁጠሩ። ቤተሰቡ 5 ሰው ነው እንበል። አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይበላል እንበል።

5 ሲባዛ በ15፣ 75 ኪሎ። ይህ የወር ቀለብ ነው።
በጎተራ 6 ኩንታል አለ፤ 600 ኪሎ ማለት ነው።
600 ሲካፈል ለ75፣ 8 ወር።

ከኅዳር ብንጀምር እህሉ ሰኔ ሲወጣ ያልቃል። ዝናብ ተዛብቶ 3 ኩንታል ብቻ ከገባ ግን 4 ወር ነው፤ የካቲት ላይ ያልቃል። ይህን በኅዳር ያወቀ ሰው ፍየሏ ሳትከሳ፣ ዋጋዋም ሳይወድቅ ሸጦ እህል ይገዛል። በሬውና ዘሩ ይተርፋሉ። ሒሳቡን ከባለቤታችሁ ጋር ሥሩ፤ የጎተራውን ልክ አብልጣ የምታውቀው እሷ ናትና።

ለሚመጣው ዘመንም ተዘጋጁ። ቶሎ የሚደርስ ዘር ከግብርና ባለሙያው ጠይቁ። በማሳው ቦይ ውስጥ በየጥቂት እርምጃው አፈር እየመለሳችሁ ገድቡ፤ ውሃው ሳይሸሽ ይሰርጋል። በሬ ያነሳችሁ ተቀናጁ።

በየቡድናችሁ ተወያዩ፦
1. በእናንተ ቤት የወር ቀለብ ስንት ኪሎ ነው?
2. ጎተራችሁ እስከ የትኛው ወር ይደርሳል?
3. ካልደረሰ መጀመሪያ ምን ይሸጣል? የማይሸጠውስ ምንድን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ደህና ሁኑ።