ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣ ለምን አትጨምሩበትም?



ከምትጽፉልን ደብዳቤዎች መካከል አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ወገኖች ከተቸገሩ፣ ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣ ከሌላ ሥፍራ አምጥታችሁ ለምን አትጨምሩበትም?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ «እሺ» ለማለት የማንቸኩልበት ምክንያት አለ። ይህንንም በጎረቤታችን በኬንያ የሚገኘው የናይቫሻ ሐይቅ ታሪክ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

ናይቫሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ደንገል የሚበቅልበት፣ ጉማሬና ልዩ ልዩ ወፎች የሚኖሩበት ሥፍራ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን አጥማጆች ለገበያ ከሚያወጡት ዓሣ አብዛኛው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። ባስ የተባለው አዳኝ ዓሣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. ነው። የሐይቁ ተወላጅ የነበረው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ክሬይፊሽ የተባለ እንስሳ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። የትውልድ ሥፍራው በሰሜን አሜሪካ፣ ሉዊዚያናና አካባቢዋ ነው። ቀላ ያለ፣ ሁለት ጠንካራ መቆንጠጫዎች ያሉት፣ የሸርጣን ዘመድ ነው። ያስገቡት ሰዎች ክፉ አሳብ አልነበራቸውም፤ ለአጥማጆች አዲስ ገቢ እንዲገኝ ብለው ነው። በእርግጥም ለጥቂት ዓመታት ወደ አውሮፓ እየተላከ ተሸጧል። ነገር ግን ክሬይፊሽ የውኃ ውስጥ ተክልን፣ ቀንድ አውጣን፣ ነፍሳትንና ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሴቷ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን በጅራቷ ሥር ተሸክማ ትፈለፍላለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በውኃው ውስጥ የሚበቅለው ተክልና በላዩ የሚንሳፈፈው የውኃ አበባ ከአብዛኛው የሐይቁ ክፍል ጠፍተው ነበር። ተክሉ ሲያልቅ ክሬይፊሹ ቀነሰ፤ እርሱ ሲቀንስ ተክሉ መመለስ ጀመረ፤ ተክሉ ሲመለስ ደግሞ ክሬይፊሹ እንደገና በዛ። ይህን መመላለስ ልናውቅ የቻልነው ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ካርፕ የተባለው ዓሣ በአጥማጆች መረብ ውስጥ ታየ። ይህኛው ታስቦበት የገባ አልነበረም። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ከሚያዘው ዓሣ አብዛኛው ካርፕ ሆነ። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው የሐይቁን ጭቃ እየቆፈረ ስለሆነ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ውኃው ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ተክሎች አይደርስም። በሌላ በኩል ካርፕ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ስለዚህ «ይውጣ» ማለት ቀላል አይደለም፤ ቢባልም ከሰፊ ሐይቅ ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣው የለም።

እንግዲህ የሚቻለው ምንድን ነው? ቀድሞ ማየት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የክትትሉ ሥራ ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። የዓሣ ቁራጭ የተደረገባቸው ወጥመዶች ሁልጊዜ በተመረጡት ሥፍራዎች ማታ ይጣላሉ፤ ጠዋት ይነሣሉ። በአንድ ወጥመድ በአንድ ሌሊት ስንት እንደተያዘ፣ ርዝመቱና ክብደቱ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ እንቁላል ይኑራት አይኑራት ይጻፋል። ወጥመድ ትልልቆቹን እንጂ ትንንሾቹን እምብዛም ስለማይዝ፣ ዳር ዳሩን በጥቃቅን መረብ መፈተሽም ያስፈልጋል። አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ የያዙት ዓሣ በየዓይነቱ ይመዘናል። ዛሬ ደግሞ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶና አጣርቶ፣ እንስሳው ከገላው የተወውን ዲ.ኤን.ኤ. በቤተ ሙከራ መፈለግ ይቻላል፤ በዚህም እንስሳው በዓይን ሳይታይ መኖሩ ይታወቃል። ምንም ያልተያዘበት ሌሊትም «ዜሮ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ያለዚያ እንግዳው የገባበትን ዓመት ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህን የምጽፈው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ከአንድ የገጠር ጉባኤ ወጣቶች ጋር ኩሬ ቆፍረን፣ የዓሣ ጫጩቶች በጀሪካን ከሩቅ አምጥተን ጨምረን ነበር። ዓይነታቸውን የጠየቀ አልነበረም። ጸሎት አድርገን፣ አጨብጭበን ተለያየን። በክረምት ኩሬው ሞልቶ ወደ ወንዙ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ «ልጄ፣ ወደ ወንዛችን ምን ለቀቃችሁብን?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም ቆጥሮ አያውቅምና መልስ አልነበረኝም።

የእኛም አገር ውኃዎች ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። በዝዋይ ሐይቅ የሚያዙት ካርፕና አምባዛ በሰው እጅ የገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ጣና ደግሞ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶች መኖሪያ ነው። እነዚህ አንድ ጊዜ ከጠፉ ከየትም አይመጡም።

ስለዚህ ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይህ ነው። በሐይቅና በወንዝ ውስጥ የሌላ አገር ዓሣ አንጨምርም። ለኩሬ በሚሆን ጊዜም አስቀድመን የዓሣ ባለሙያዎችን እንጠይቃለን፤ ኩሬው በጎርፍ የማይደፈር መሆኑንም እናረጋግጣለን። የእናንተ እርዳታ ግን አላስፈለገም ማለት አይደለም። አጥማጆቹ ውኃቸውን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የጎደላቸው ሚዛን፣ ወጥመድ፣ ደብተርና የሚጽፍ ወጣት ነው። ለዓሣ ጫጩት ልትሰጡ ያሰባችሁትን ለዚህ ብትሰጡ፣ ከዓመታት በኋላ እንደዚያ ያሉ ሽማግሌ ሲጠይቁን መልስ ይኖረናል።