ሞላ ሲያጥር

ሳንሱሲ ላይ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ባለቪትዝ አያጣም። አንዱ ጉድጓድ ፈርቶ በሞላው ላይ ጎሚኒ አስገብቶ ከፍ አድርጓታል። ሌላው ሞላ አሳጥሮ ዝቅ አድርጓታል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት ያስገባ የነበረው ክፍተት አሁን ሁለትም አያስገባም። ይሄኛው ሐሳቡን የወሰደው ከስፖርት መኪና ነው፤ ዝቅ ያለች መኪና መሬት ትይዛለች ይላል።

አልተሳሳተም። መኪና ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ውጪኛው ጎማ ይጫናል፤ የክብደቷ ማዕከል ከፍ ባለ ቁጥር ጭነቱ ይብሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣችው ቶዮታ ጂቲ 86 ሞተሯ ጠፍጣፋ በመሆኑ ማዕከሏ ከመሬት 46 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ክብደቷን 1,200 ኪሎ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቿን ርቀት 153 ሳንቲሜትር እንበልና የክብደቷን ስድስት አሥረኛ በሚያህል ኃይል እናጥፋት፤ 216 ኪሎ ገደማ ወደ ውጪ ይዞራል። 3 ሳንቲሜትር ዝቅ ብናደርጋት 202 ይሆናል። ያተረፍነው 14 ኪሎ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ እንኳ አይሞላም።

የምንከፍለው ግን ብዙ ነው። የጂቲ 86ም የቪትዝም የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ወደ ጎማው ያዘቀዝቅ የነበረው የታችኛው ክንድ ይጋደማል፣ አልፎም ወደ ላይ ይቀናል። ያኔ አካሏ የሚያዘነብልበት ነጥብ ከራሷ ከመኪናዋ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠንከር ያለ ሞላ ካልያዛት ዝቅ ብላም ይበልጥ ታዘነብላለች።

ከሁሉ የሚከፋው የሞላው መጫወቻ ማጠሩ ነው። ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ተጨምቆ ማቆሚያውን ጎሚኒ ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ ሞላ የለም፣ ጎማው ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ መሪም ፍሬንም አይሰማም። ሳን ሱሲ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ በዝቅተኛ መኪና ግን ሰፈሩን ያለ ሐሳብ የሚያልፍ የለም፣ ቢያንስ የኮፓው ነገር ያሳስባል።

ሞላ በግራይንደር የሚያስቆርጡም አሉ። ከስድስት ጥምዝ አንዱ ሲቆረጥ ሞላው 20 በመቶ ይጠነክራል፤ ለነባሩ ሞላ የተሠራው ሾክ አይችለውም፣ መኪናዋም ትነጥራለች። በክሪክ ስትነሳ ደግሞ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ይላቀቃል። ጉድጓድ ላይ ጎማ ሲንጠለጠልም እንዲሁ ሊላቀቅ ይችላል።

በእኔ ግምት ለሳንሱሲ መንገድ ጥሩ ጎማና ያልደከመ ሾክ ከአጭር ሞላ ይበልጣሉ። ዝቅ ማድረጉ የግድ ካማረዎት 2 ሳንቲሜትር ይብቃዎት፤ ለዚያው የተሠራ ሞላ ይግዙ፣ ሾኩን አብረው ይቀይሩ፣ አላይመንት ሳያሠሩ አይውጡ። ባለግራይንደሩን ግን ይለፉት።