8 ጊጋባይት ውስጥ 256 ቴራባይት እንዴት ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ዝናባማ ምሽት፣ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ባርተን ሚለር ከቤታቸው ሆነው በስልክ መስመር የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተር እየተጠቀሙ ነበር። ዝናቡ መስመሩን ስለረበሸው በሚጽፉት ትእዛዝ መሃል ትርጉም የለሽ ፊደላት ይገቡ ጀመር። ይህስ ይሁን፤ የገረማቸው ግን በነዚያ ፊደላት ምክንያት ፕሮግራሞቹ እየተበላሹ መቆማቸው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ ሰጡ፦ ለፕሮግራሞች ሆን ብላችሁ የተዘበራረቀ ነገር አብሏቸውና የሚሆነውን እዩ። ውጤቱ በ1990 ታተመ። ከተሞከሩት የዩኒክስ ፕሮግራሞች ውስጥ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ወይ ተበላሽተው ቆሙ፣ ወይ ደርቀው ቀሩ።

ይህ ዘዴ ፈዚንግ ይባላል። ዛሬ ነገሩ የቤት ሥራ ብቻ አይደለም። በ2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ይታወሳል፤ በአንድ ጥያቄ ብቻ ከሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ አሾልኮ ማውጣት ያስችል ነበር። የይለፍ ቃልም ይሁን ሌላ ምስጢር፣ እዚያ ያለው ሁሉ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ከሌባው በፊት ለማግኘት ሙከራው በሚሊዮን ጊዜ መደጋገም አለበት።

ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ኢሙሌተር እንጠቀማለን። ኢሙሌተር ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው፤ የሚሞከረውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ ይፈጽምለታል። ኮምፒውተር ነኝ ካለ ደግሞ ሜሞሪም ማቅረብ አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሜሞሪ አድራሻ 48 ቢት ይይዛል፤ ይህ ማለት 256 ቴራባይት፣ ማለትም ከ281 ትሪሊዮን በላይ አድራሻ ነው። የእናንተ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ካለው፣ ያንን ሁሉ ለመሙላት 32,768 ላፕቶፕ ያስፈልጋል ማለት ነው!

እስቲ የሰፈራችሁን ባለሱቅ አስቡት። የዱቤ ደብተር አለው። ታዲያ ለከተማው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ገጽ ይከፍታል? በፍጹም። ዱቤ የወሰደ ሰው ሲመጣ ብቻ አንድ ገጽ ይከፍትለታል። የፕሮግራም ሜሞሪም እንዲሁ ነው፤ ትእዛዞቹ አንድ ጥግ፣ ጊዜያዊ መረጃዎቹ ሌላ ጥግ ይቀመጣሉ፣ መሃሉ ወና ነው።

ኢሙሌተሩ ሜሞሪውን 4,096 ባይት በያዙ ገጾች ይከፋፍለዋል። ፕሮግራሙ አድራሻ 1,000,000ን ሲጠይቅ፣ ቁጥሩን ለ4,096 ያካፍላል፤ 244 ይደርስና 576 ይተርፋል። ስለዚህ የሚፈለገው በገጽ 244 ውስጥ፣ ከመነሻው 576 ባይት ርቆ ያለው ቦታ ነው። ገጹ መዝገቡ ውስጥ ካለ ከዚያው ያነባል።

ከሌለስ? ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ዝም ብለው አዲስ ገጽ ይከፍታሉ። እንዲህ ከሆነ ኢሙሌተሩ ስሙን ለጠራ ሁሉ ዱቤ እንደሚሰጥ ባለሱቅ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ የትም ቢረግጥ ስህተቱ አይታይም። ትክክለኛው ጥያቄ «ፕሮግራሙ ይህን ቦታ አስቀድሞ ጠይቆ ተፈቅዶለታል ወይ?» የሚለው ነው። ከተፈቀደለት በዜሮ የተሞላ ገጽ ይከፈትለታል። ካልተፈቀደለት ሙከራው ወዲያው ይቆምና የበላው ግብአት ይመዘገባል። የምንፈልገው ስህተት ተገኘ ማለት ነው።

ግን ገጽ ሰፊ ነው። ፕሮግራሙ 100 ባይት ጠይቆ 101ኛው ላይ ቢጽፍ፣ እዚያው ገጽ ውስጥ ስለሆነ ያመልጠናል። ለዚህ ሲባል ጠንቃቃ ኢሙሌተሮች ለእያንዳንዱ ባይት ምልክት ይይዛሉ፦ ማንበብ ይቻላል? መጻፍስ? እስካሁን የተጻፈበት ነገር አለ? ምልክቱ አንድ ባይት ቢሆን የሜሞሪው ፍላጎት እጥፍ ይሆናል፤ ሆኖም እጥፍ የሚሆነው የተከፈቱት ገጾች ብቻ ስለሆነ አያስፈራም።

ሌላው ጉዳይ ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከአንድ ዓይነት መነሻ መጀመር አለበት፤ አለበለዚያ የተገኘውን ስህተት ደግመን ማሳየት አንችልም። ፕሮግራሙ 64 ሜጋባይት ይዟል እንበል። ከየሙከራው በኋላ ሁሉንም መልሶ መቅዳት ጊዜ ይበላል። ኢሙሌተሩ ግን የተጻፈባቸውን ገጾች ስም ዝርዝር ይይዛል። ሙከራው 20 ገጽ ብቻ ከነካ የሚመለሰው 80 ኪሎባይት ነው፤ ከ800 ጊዜ በላይ ያነሰ ሥራ ማለት ነው። በአንድ ሌሊት ውስጥ ይህ ልዩነት ስህተቱን በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ሊሆን ይችላል።

ፓይተን የምትችሉ ከሆነ እናንተም ሞክሩት። አንድ ዲክሽነሪ ያዙ፤ ቁልፉ የገጽ ቁጥር፣ ዋጋው 4,096 ባይት ይሁን። ከዚያ ቦታ መፍቀጃ፣ ማንበቢያና መጻፊያ የሚሆኑ ሦስት ፈንክሽኖች ጻፉ። መጀመሪያ 100 ባይት ፍቀዱና 101ኛው ላይ ጻፉ። ኢሙሌተራችሁ ዝም ካለ፣ ምን እንደጎደለው አሁን ታውቃላችሁ።