ትራምፔትን ከኦርኬስትራው ፊት ያቆሙ ሰዎች

ቫዮሊን ይዞ በሶሎ ተጫዋችነት ልኑር ለሚል ሙዚቀኛ ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ የማይጨርሰው ሥራ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ትራምፔት የያዘው ግን እንዲህ አልታደለም። ቤትሆቨንም ብራምስም ቻይኮቭስኪም አንድ የትራምፔት ኮንሰርቶ እንኳ አልጻፉም። ስለዚህ የመሣሪያው ታላላቅ ተጫዋቾች የሚጫወቱትን ነገር ራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው።

በባሮክ ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትራምፔት ቫልቭ (በጣት ሲጫኑት የቧንቧውን ርዝመት የሚለውጥ አካል) የሌለው ረጅም የናስ ቧንቧ ነበር። ድምፆቹ ተቀራርበው ዜማ የሚሆኑት እጅግ ከፍ ባለው ክልል ብቻ ስለሆነ ነፊው ብርቱ መሆን ነበረበት። ባኽ በላይፕሲሽ ይጽፍለት የነበረው ጎትፍሪድ ራይኸ በጥቅምት 1734 በችቦ ጭስ መሐል ለንጉሥ ክብር ሲነፋ አምሽቶ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው የቪየናው አንቶን ቫይዲንገር ነው። ቧንቧው ላይ ቀዳዳና ቁልፍ ያለው ትራምፔት ይዞ ወደ ሀይደን ሄደ፤ ሀይደንም በ1796 ኮንሰርቶውን ጻፈለት። ሁመል ደግሞ በ1803 ሌላ ጨመረ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ዛሬም ለኦርኬስትራ ቦታ የሚወዳደሩ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚፈተኑባቸው ናቸው። በ1818 በርሊን ውስጥ ቫልቭ የባለቤትነት መብት ሲያገኝ መሣሪያው ማንኛውንም ዜማ መጫወት ቢችልም፣ የዘመኑ ታላላቅ ደራሲዎች በኦርኬስትራው ኋላ ረድፍ ተዉት። የብልሃተኞቹ ዝና ትራምፔትን ወደሚመስለው ኮርኔት ሄደ፤ ፈረንሳዊው አርባን በ1864 ያሳተመው የኮርኔት መማሪያ እስካሁን ከተማሪዎች እጅ አልወጣም።

ይህን ታሪክ የለወጠው ሞሪስ አንድሬ ነው። በ1933 በደቡብ ፈረንሳይ አሌስ ተወለደ። አባቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛና ትራምፔት ነፊ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ ማዕድን ጉድጓድ ገብቶ ሠርቷል። የፓሪስ ኮንሰርቫቶር የገባው በወታደራዊ ባንድ በኩል ነው። በ1963 ሙኒክ ለታላቅ የሙዚቃ ውድድር ዳኛ ሆኖ ሲጋበዝ፣ ዳኝነቱን ትቶ ተወዳደረና አንደኛ ወጣ። የሚጫወተው ሲያጣ ለኦቦና ለቫዮሊን የተጻፉ የባሮክ ኮንሰርቶዎችን ወስዶ በፒኮሎ ትራምፔት ተጫወታቸው። የፒኮሎ ቧንቧ ከተለመደው ትራምፔት በግማሽ ያጥራል፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከፍተኛውን ድምፅ በነጻ አይሰጥም፣ የተፈለገውን ድምፅ በትክክል መምታቱን ግን አስተማማኝ ያደርገዋል። የአንድሬ ድምፅ እዚያ ከፍታ ላይ እንኳ ሳይጮህ ይዘምር ነበር። ከ300 በላይ ቅጂዎች እንዳሉት ይነገራል፤ ከ1967 እስከ 1978 በፓሪስ ኮንሰርቫቶር አስተምሮ በ2012 አረፈ።

በሞስኮ ቦልሾይ ቲያትር ቲሞፌይ ዶክሺትሰር የቫዮሊን ያህል ለስላሳ አጨዋወት አሳየ። አሜሪካዊው ዊንተን ማርሳሊስ በ1984 በጃዝም በክላሲካልም ግራሚ ወሰደ። ስዊድናዊው ሆካን ሐርደንበርገር ግን ከሌላ መሣሪያ መበደሩን ትቶ ሕያዋን ደራሲዎችን ማስጻፍ ያዘ፤ በርትዊስል፣ ሄንዘና ግሩበር ጽፈውለታል። በእኔ ግምት ለመሣሪያው የወደፊት ዕድል ከሁሉም የበለጠ ውለታ የዋለው እሱ ነው።

በዚህ ሙያ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። ድምፁ የሚፈጠረው በከንፈር ንዝረት ስለሆነ፣ የደከመ ከንፈር በጣት ቅልጥፍና አይሸፈንም። አብዛኛው ጎበዝ ተጫዋች የኦርኬስትራ ወንበር ይዞ ይኖራል፤ አዶልፍ ሄርሴት በቺካጎ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ትራምፔት ሆኖ ከ1948 እስከ 2001 ቆይቷል፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ክብር አይደለም።

ትራምፔትን ከማርሽ ባንድ ብቻ የምታውቁ አንባቢዎች ሀይደንን በአንድሬ፣ ከዚያም የግሩበርን «ኤሪያል» በሐርደንበርገር አድምጡ።